አስቀድሞ የተበየደው ጥግ

አንዲት እናት ወደ መምህሯ መጥታ ጠየቀች።

«አባ፣ አራት ልጆች አሉኝ፤ አቅሜ ለአራቱ አይበቃም። ያለኝን ሁሉ ለበኩር ልጄ ባደርግና እሱ ጠንክሮ ሲቆም ታናናሾቹን ቢያቆምልኝ ጥፋት ነው? እሱ እንዲያጠና ብዬ ሦስተኛዋን ዘንድሮ ከትምህርት ላስቀራት ነው፤ ቤቱን ትይዝልኛለች። ታናናሾቹ ግን ፊታቸውን አጠቆሩብኝ።»

መምህሩ እንዲህ ሲሉ አንድ ታሪክ ነገሯት።

በረሃ የሚወድ አንድ ሀብታም ነበረ። ሌላው ሰው ስለ ቤትና ስለ ማዕረግ ሲያልም እሱ የሚያልመው መንገድ ስለሌለው ሜዳ ነበር፤ ነጭ ጨው፣ ከሩቅ ውሃ የሚመስል ሙቀት፣ ዳርቻ የሌለው ዝምታ። ለዚህ ብሎ ያሠራው ፒክአፕ መኪና ነበረው፤ ጎማው ትልልቅ፣ ሆዱ ከመሬት የራቀ።

አንድ ቀን ከሚስቱ ጋር የአሸዋ ኮረብታ ሲወጣ መኪናው ተንሸራቶ ተገለበጠ። የጋቢናው ጣሪያ እንደ ወረቀት ታጠፈ። እሱ ምንም አልሆነም፤ የሚስቱ ትከሻ ግን ተሰበረ። ስብራቱ ዳነ፤ ፍርሃቱ አልዳነም።

«እኔ አጥንት እያለኝ እንኳ ተሰበርኩ» አለችው። «ያንተ መኪና ጭራሽ አጥንት የለውም። አጥንት እስኪያበቅል ብቻህን ሂድ።»

ብቻውን ሄደ። ሜዳው ያው ነበር፤ ነገር ግን የሚያሳያት ሚስቱ ከጎኑ ስላልነበረች ግማሹን ሳያየው የተመለሰ መሰለው። ስለዚህ ወደ አንድ በያጅ ሄደና «በጋቢናው ውስጥ የብረት አጽም ሥራልኝ» አለው። «ብንገለበጥም ጣሪያው እንዳይወርድብን።»

በያጁ ዝምተኛ ሰው ነበር። ወፍራም ቱቦ እያጎበጠ አራት እግሮች አቆመ፣ ከላይ በአግድም አገናኛቸው። በየመገናኛው ግን አንድ አንድ የብየዳ ነጥብ ብቻ ጣለበት፤ ልብስ ሰፊ ከመስፋቱ በፊት ጨርቁን በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጎ እንደሚያያይዘው። በባዶው ጋቢና ውስጥ የቆሙት ቱቦዎች ገና ያልተወለደ የትልቅ እንስሳ የጎድን አጥንት ይመስሉ ነበር። ሀብታሙ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መጥቶ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሰማያዊው የብየዳ ብርሃን እንዳይወጋው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሲጨፍን ነጩ ሜዳ ይመጣል፤ ሚስቱም በሜዳው ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትሄድ ያያታል።

በአራተኛው ቀን ትዕግሥቱ አለቀ።

«እስከ መቼ ነው ነጥብ በነጥብ? ነገ ሚስቴን አመጣታለሁ። ቢያንስ የሷን ጥግ ጨርስልኝ፤ ከራሷ በላይ ያለውን። እሱን አይታ ልቧ ይረፍ።»

«ጋሼ፣ ብረት እንደዚያ አይወድም። ዙሪያውን እኩል እየዞርኩ ነው የምጨርሰው።»

«አንተ ሚስት የለህም እንዴ?»

«አለችኝ። እሷም እንደ እርስዎ ችኩል ናት።»

ሀብታሙ ሳቀ፤ ልመናውን ግን አልተወም። በያጁም የሚያውቀውን ያውቅ ነበር፤ የሰውየውን ዓይን ሲያይ ግን እንቢ ማለት ከበደው። የሷን ጥግ ድርብርብ አድርጎ በየደው። ብየዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት አማረ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ከኋላቸው ብረቱ ጢቅ፣ ጢቅ እያለ ይቀዘቅዝ ነበር። የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ሌላውን ይጎትታል።

በማግስቱ ሚስቱ መጣች። ጥጓን በጣቷ ዳሰሰችና «ያምራል» አለች። ከዚያ መኪናውን ዞረች። በወዲያኛው በኩል፣ ከባሏ ወንበር ኋላ፣ አንደኛው የብረት እግር ከወለሉ ሁለት ጣት ያህል ተነሥቷል። እጇን ከሥሩ ሰደደች፤ እጇ አለፈ።

«ይሄስ?»

በያጁ አንገቱን ደፋ። ባሏ ግን ፈጠን ብሎ «ቀላል ነው፤ በክሪክ ተገፍቶ ይወርዳል፣ ይበየዳል» አላት።

«መውረዱንስ ይወርዳል፣ እትዬ» አለ በያጁ። «ተገዶ የወረደ ብረት ግን ቂም ይይዛል። ቀለም ሲቀባ ደህና ይመስላል። ቂሙን የሚወጣው መኪናው የተገለበጠ ዕለት ነው።»

«በማን ላይ?»

በያጁ የባሏን ወንበር አየ።

«ቁረጠው» አለችው።

«የቱን?» አለ ባሏ።

«የኔን ጥግ።»

«አብደሻል እንዴ? ከሁሉ የጠነከረው እኮ እሱ ነው!»

«ሌሎቹን ያጣመማቸውም እሱ ነው። ጣሪያው አንተ ላይ ወርዶ እኔ ብቻዬን ብተርፍ፣ በዚያ ጨው ላይ ምን ልሠራ ነው?»

ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በያጁ መቁረጫውን አስነሣ፤ ያ ሁሉ ያማረ ብየዳ ብልጭታ ሆኖ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጥጉ ሲላቀቅ ያ የተነሣው እግር ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ወረደና ወለሉን ነካ።

ከዚያ በኋላ በያጁ እንደሚያውቀው ሠራ። እዚህ አንድ ጣት ያህል ይበይዳል፤ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ እንደገና ይመለሳል። ብዙ ቀን ፈጀ። ሲያልቅ ከሌላው የበለጠ ጥግ አልነበረም።

ባልና ሚስቱ ወደ በረሃው ሄዱ። በአሸዋው ላይ መኪናው እንደገና ተገለበጠ፤ በእንቅልፉ ጎኑን እንደሚለውጥ ሰው፣ በዝግታ። በቀበቷቸው ተንጠልጥለው ሰማዩን ከእግራቸው በኩል አዩት። አሸዋው በመስኮቱ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ገባ። የጣሪያው ላሜራ ተጨራመተ፤ አጥንቱ ግን በአራቱም ጥግ ቆመ።

«አለሽ?» አላት።

«አለሁ። ፀጉሬ ብቻ ወደ ጣሪያው ወድቋል» አለች፤ ተዘቅዝቀው ሳቁ።

መምህሩ ወደ እናትየዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው ክፉ አልነበረም፤ አንቺም ክፉ እናት አይደለሽም። ቤትሽ ግን ገና በነጥብ የቆመ ነው። ሙቀትሽን ሁሉ በአንዱ ልጅ ላይ ብታፈሺው እሱ ይጠነክራል፤ እውነትሽን ነው። ሲጠነክር ግን ሌሎቹን ያጣምማቸዋል፤ የልጅቷ እግር ከመሬት ይነሣል። ፊታቸውን ያጠቆሩት ክፉ ሆነው እንዳይመስልሽ፤ እየተጎተቱ ነው። ኋላ እሱ ያቆማቸዋል ትያለሽ፤ ያ በክሪክ ማውረድ ነው። አቅምሽ ትንሽ ከሆነ ትንሹን አዙሪው፤ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው።»

«ለበኩሩ የጀመርኩለትስ፣ አባ? ቃል ገብቼለታለሁ።»

«ከባዱ እሱ ነው» አሉ መምህሩ። «ያማረውን መቁረጥ ያሳዝናል። ቢሆንም ነገ ጠዋት ልጅቷን አንቺው ራስሽ ትምህርት ቤት አድርሻት። ቤቱን እሱ ይጥረገው።»