ቢጋ የማን ነው?

አንዲት ዳቦ ጋጋሪ በባሕር ማዶ ባለ አንድ መንግሥት ትኖር ነበር፤ ስሟ ሊቪያ ነው። በዚያ አገር ጋጋሪዎች አቡክተው የሚያሳድሩትን እርሾ "ቢጋ" ይሉታል። ሁለት ፈረሶች የሚስቡት የጦር ሰረገላም ስሙ "ቢጋ" ነው። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። ሰረገላውን ልጋግር፣ ለሊጡም ልጓም ላግባ ያለ ሰው ግን ታይቶ አይታወቅም። ስለ የትኛው እንደሚወራ ሁሉም ያውቅ ነበር።

የሊቪያ እርሾ ከአያቷ የወረደ ነው። እርሾው የሞተበት ጎረቤት ሁሉ ሳህን ይዞ ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷም ቆንጠር አድርጋ ትሰጣለች። በሰፈሩ ከእሷ ያልወሰደ ቤት አልነበረም።

አንድ ቀን የንጉሡ የሰረገሎች አለቃ በገበያ ሲያልፍ ሊቪያ "ቢጋዬ ዛሬ ኩፍ አለልኝ" ስትል ሰማ። ስለ ሊጧ እንደሆነ አላጣውም፤ ያናደደውም ይኸው ነው። ንጉሥ የሚቆምበት ሰረገላ ከሊጥ ጋር ስም መጋራቱ ውርደት ሆኖ ታየው። ሄዶ ለንጉሡ ነገረ። ንጉሡም ሥራ ፈት ነበርና "ከዛሬ ጀምሮ ቃሉ የሰረገላ ብቻ ነው" ብሎ አዋጅ አስነገረ።

አለቃው ወታደሮቹን አስከትሎ ሊቪያ ደጃፍ ደረሰ።

"ስሙን ይውሰዱት፣ ጌታዬ" አለችው። "እኔ ሌላ ስም አወጣለታለሁ። ቡሃቃዬን ብቻ አይንኩብኝ።"

"ነገሩ እያለ ስሙ ከሰው አፍ አይጠፋም" አለና ቡሃቃውን በእግሩ ገለበጠው።

እርሾው መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ሊቪያን ያንገበገባት ግን አለቃው አልነበረም። ጎረቤቶቿ በየደጃቸው ቆመው ያያሉ፤ አንድም ሰው "ኧረ ተው" አላለም። ይባስ ብለው የየቤታቸውን እርሾ ማንም ሳያዛቸው በገዛ እጃቸው ደፉት። "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" ተባባሉ። እውነት ነው፤ ዳቦም አይገባም። ከተማው በሙሉ ደረቅ ቂጣ ሲያኝክ ከረመ።

ክረምቱ ሲወጣ ከተራራው ማዶ አንዲት ባልቴት መጣች። ሊቪያ ከዓመታት በፊት ከእርሾዋ ያካፈለቻት መንገደኛ ናት። የሆነውን ሰምታ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ማሰሮ ይዛላት ነበር።

"ያንቺው ነው፣ ልጄ" አለቻት። "እኛ አገር ግን 'እናት' ነው የምንለው።"

ሊቪያ አለቀሰች፤ ከዚያም አቦካች። የዳቦው ሽታ ሰፈሩን ሲያውደው እነዚያ ጎረቤቶች ሳህን ይዘው ደጇ ላይ ተሰለፉ።

"ምን ልስጣችሁ?" አለቻቸው በሩን ይዛ።

"ያንን... ያንን ነገር" አሉ መሬት መሬቱን እያዩ።

"ስም አለው። ሲደፋ ዝም ብላችሁ ያያችሁት ነገር ስም አለው። በስሙ ጠርታችሁ ውሰዱ።"

አለቃው ከመንገዱ ወዲያ ቆሞ ያያል። ሰልፈኛው ዞር ዞር ብሎ አለቃውን አየ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሳህኑን ዘረጋና አለቃው እንዲሰማው አድርጎ፣ "ቢጋ ስጪኝ፣ ልጄ" አላት። ከኋላው ያለችው ሴትም እንዲሁ አለች፤ ቀጥሎም ሌላው። አለቃው አንዱን ማሰር ይችል ነበር፤ ሰፈሩን ሁሉ ግን የት ያስረዋል? ፊቱን አዙሮ ሄደ።

አንድ ቃል ለብዙ ሰው ይበቃል፤ "ለእኔ ብቻ ይሁን" የሚል ሲመጣ ነው የሚጠበው። ጉልበተኛም የሰውን ቃል ከነእንጀራው የሚቀማው ጎረቤት ቆሞ ሲያይለት ነው። የጎረቤትህ ቡሃቃ ሲገለበጥ አንተ የት ቆመህ ነበር?