ከደጀ ሰላም ውጭ የቆመችው እናት

የክርስቶስ ወገኖች ሆይ፥ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ለአንዲት ፈታይ ያደረገችውን ተአምር እንነግራችኋለንና ጆሯችሁን አዘንብሉ፤ ሐዘን ያለበትም ቀረብ ይበል።

በቆላ አገር፥ በወንዝ ዳር፥ አንጓች የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። እመቤታችንን እጅግ ትወድ ነበርና በየዕለቱ ለራሷ ከመፍተሏ አስቀድማ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሆን ክር ትፈትል፥ እንዝርቱ እስኪሞላም «ሰላም ለኪ ማርያም» ማለትን አታቋርጥም ነበር። ከእናቷ ከየሻረግ በቀር ዘመድ አልነበራትም፤ የሻረግም ከሩቅ አገር በሙሽርነት የመጣች ናትና የክርስትና ስሟን ከልጇ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን አንጓች ከወንዝ ማዶ ገበያ ሄዳ ሳለ ወንዙ ሞላና አሳደራት፤ እናቷም በድንገት አረፈች። ጎረቤቶች ገነዟትና ቄሱ መምሬ ገብረ ዋህድ ለፍትሐት የክርስትና ስሟን ቢጠይቁ የሚያውቅ አልነበረምና አንዱ «ወለተ ማርያም ይበሏት፤ ለየትኛዋ ሴት ይከፋል?» አለ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ግን ያወጣው ችኮላ ነው። በዚያው ስም ተፈታችና ተቀበረች፤ አንጓችም የደረሰችው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነበርና ደህና ሁኚ ሳትላት በመቅረቷ አንጀቷ ተቃጠለ።

በማግሥቱ ጀምበር ስትጠልቅ ወደ መቃብሩ ስትሄድ እናቷን ከነመግነዟ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆማ አገኘቻት። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ሳለ ከውስጥ የሰው ስም የሚጠራ ድምፅ ይሰማ ነበር። እናቲቱም «ልጄ፥ ሁሉም በየስሙ እየተጠራ ይገባል፤ እኔን ማን ይሉኛል?» አለቻት። አንጓችም እናቷ በወለተ ማርያም ስም እንደ ተፈታች ሰምታ ነበርና ነገሩ ገባት፤ ነገር ግን ስሟን ብናገር ትገባለች፥ ከገባችም አትመለስልኝም ብላ ፈራችና ሆድ ይፍጀው አለች፤ «እናቴ ይሉሻል» ብላም መለሰችላት። ወዮ ለእንዲህ ያለው ፍቅር!

ከዚያም በየምሽቱ እየሄደች ታያት ነበር። እናቲቱ ግን በመጀመሪያ ቤቷን ረሳች፥ ቀጥሎም የተወለደችበትን አገር ረሳች፥ በመጨረሻም ልጇን ትክ ብላ አየቻትና «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት።

አንጓች ሮጣ ቤቷ ገብታ እንዝርቷን አነሣችና «ሰላም ለኪ» አለች፤ ቀጥላ የእመቤታችንን ስም ልትጠራ ብትል ግን ስሙ ከአፏ ጠፋባት። በዚያን ጊዜ ቤቱ በብርሃን ተሞላ፤ እመቤታችንም ተገልጣ «አንጓች ሆይ፥ በየዕለቱ በስሜ ትጠሪኝ ነበር፤ የእናትሽን ስም የት አደረግሽው?» አለቻት። እርሷም አልቅሳ «እመቤቴ፥ ከጠራኋት ትሄድብኛለች» አለች። እመቤታችንም «እኔም እናቴን የተሰናበትሁ ልጅ ነኝ። አይዞሽ፥ ጥሪያት፤ እጇን የምይዛት እኔ ነኝ» ብላ ተሰወረች።

ሲነጋ የተዝካሩ ቀን ነበርና አንጓች ከመምሬ እግር ወድቃ «አባቴ፥ እናቴ ወለተ ሐና ናት። እንዳትሄድብኝ ብዬ ደብቄ ነው፤ ይፍቱኝ» አለቻቸው። እርሳቸውም «ምነው ልጄ! እግዚአብሔርስ ስሟን መች አጣው? ያስቀረሻት አንቺ ነሽ እንጂ። እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ነዪ፥ አብረን እንጥራት» አሏት።

ጸሎቱም ከስሟ ላይ በደረሰ ጊዜ መምሬ ዝም አሉላትና አንጓች ራሷ «ወለተ ሐና!» ብላ ጮኸች። ከደጁ የቆመችው እናት ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ቀና አለችና ልጇን ዐወቀቻት፤ «አንጓቼ፥ ምነው አቆየሽኝ?» አለቻት።

«ይቅር በይኝ፥ እምዬ። ደህና ሁኚ፤ በሰላም ግቢ» አለቻት።

እናቲቱም የማይታይ እጅ ይዟት የደጁን ደፍ ተሻገረች። ሕዝቡ ምንም አላየም፤ ነገር ግን ሁሉም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፍሎ መንገድ ለቀቀላት። አንጓችም እያለቀሰች እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ቤቷም ገብታ «ሰላም ለኪ ማርያም» ብትል ስሙ አፏን ሞላው። ከዚያ ወዲያ በደጀ ሰላሙ ስታልፍ ማንም አልቆመም፤ እርሷም መለስ ብላ አላየችም።

ወለተ ሐናን እጇን ይዛ ያስገባች እመቤታችን፥ ወላጁን ሳይሰናበት የቀረውን ሁሉ ታጽናናው፤ የእኛም ስም በተጠራ ቀን እጃችንን ትያዘን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።