በስሙ «አቤት» ያለው ማን ነው?

አንድ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ምንተስኖት ይሉታል። ሰነፍ አልነበረም፤ ጠዋት ከአልጋ መውረድ ብቻ ነበር የሚከብደው። ታዲያ የዶርም ጓደኛውን ኪሩቤልን፣ «ዶክተር የሺመቤት ስም ስትጠራ በኔ ፈንታ አቤት በልልኝ» አለው። አዳራሹ ሰፊ፣ ተማሪው ብዙ፤ ማን ልብ ይላል? እዚያ ግቢ እንዲህ ያለው ውለታ የተለመደ ነው።

ሴሚስተሩ አለቀ። ምንተስኖት ለፈተና ተቀመጠ፤ የሚያውቀውንም ጻፈ። የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ውጤት ሲለጠፍ ኤፍ ሆኖ አገኘው። ኤፉ ካልተቀየረለት ይባረራል።

ከመምህርቷ ቢሮ ደጃፍ ቅሬታ ያላቸው ተማሪዎች ተሰልፈዋል።

«አልቅስባት፤ ሆደ ቡቡ ናት» አለው አንዱ።

«እንባ ለዲ ነው» አለ ሌላው፤ «ለኤፍ ወድቆ መንፈራገጥ ያስፈልጋል።»

ተሳሳቁ። ተራው ደረሰና ገባ።

«ዶክተር፣ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። ስም ሲጠሩ ሁልጊዜ አለሁ። ቢያንስ ለሱ ብለው ይዩልኝ።»

«ስምህ ማን ነው?»

«ምንተስኖት አየለ።»

መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምንተስኖትን አውቀዋለሁ። መስኮቱ ሥር ነው የሚቀመጠው። ስጠራው ብድግ ብሎ አቤት ይላል። ከዚያ ሁሉ ተማሪ ብድግ የሚል እሱ ብቻ ነው። አንተን አላውቅህም።»

መታወቂያውን አውጥቶ ሰጣቸው። ፎቶውን አዩ፤ ፊቱን አዩ፤ ደግመው ፎቶውን አዩ።

«ፎቶው የሱ ነው። ከየት አገኘኸው?»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«የፈተናው ቀን ስሙን ስጠራ ብድግ ያለ የለም። ቦታው ላይ አንተ ተቀምጠህ ነበር። ኤፉ ያንተ ነው፤ ውሰድ። እሱ ክፍል በመገኘቱ ያገኘውን ውጤት ግን ለሱ እንጂ ላንተ አልሰጥም።»

ምንተስኖት ወደ ዶርም ሮጠ። ኪሩቤል ካልሲውን ያጥባል።

«አንተ! ተቀምጠህ አቤት ብትል ምን ነበረበት? ምን ብድግ ያሰኝሃል?»

«እኔ? እኔ መች አልኩልህ?»

«እንዴት?»

«የመጀመሪያው ቀን ልልልህ ስል ከመስኮቱ በኩል አቤት አልክ። ተነስቶ መጥቷል ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ተኝተህ ትቼህ እወጣለሁ፤ ስደርስ ቀድመኸኝ ተቀምጠሃል። በየት እንደምታቋርጥ ይገርመኝ ነበር።»

ተባረረ። ሻንጣውን ይዞ የግቢው በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው አፈጠጡበት።

«አንተ ልጅ፣ አሁን ገብተህ በየት ዞረህ ወጣህ?»

ወገኖቼ፣ ያ ሰው ማን ነበር? አላውቅም። ምንተስኖትም እስከ ዛሬ አያውቅም።

እናንተስ? ቅድም ጸሎቱ ላይ ሁላችሁም አሜን ብላችኋል። አሜን ያለው ማን ነው? እናንተ ናችሁ ወይስ እናንተን የሚመስል? ልብ በሉ! ስማችሁ ሲጠራ ሌላ ከመለሰላችሁ፣ የሚታወቀው እሱ ነው። የፈተና ቀን ግን አይመጣላችሁም። ያን ቀን ወንበሩ ላይ የምትገኙት እናንተ ናችሁ።

ሩቅ አትሂዱ። ትናንት ምሳ ላይ ልጅህ «አባዬ» አለችህ። ዓይንህ ስልክህ ላይ ነበር። «አቤት» የሚል ድምፅ ሰማች። ቀና ብላም አንተን የሚመስል አየች።

ልጅቷ እያወቀችው የምታድገው ሰው ማን ነው? ቤት ስትገባ ጠይቃት።