ደንገሉን ያስጨዱት ደጃዝማች

ደጃዝማች ወንድይራድ ጣና ዳር አዳራሽ አሠሩና፣ «ሐይቁን እንዳላይ ጋረደኝ» ብለው የዳሩን ደንገል ሙልጭ አድርገው አስጨዱት። አንድ ታንኳ ሠሪ፣ «ጌታዬ፣ ማዕበሉን የሚይዘው እሱ ነው፤ ይተዉት» ብሎ ቢለምናቸው ሳቁበት።

ክረምቱ ሲያከትም ሐይቁ ሞላ። ማዕበሉ ዳሩን እየናደ መጣና፣ ደጃዝማቹ ግብር እያበሉ ሳለ አዳራሹ ውስጥ ዘው አለ። በእንግዶቻቸው ፊት ያፈሩት ደጃዝማች ታንኳ ሠሪውን አስጠሩት። ሰውየው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ አጠገቡ ያለውን ባለጅራፍ በጎን ያያል።

«አንተ ሟርተኛ! የዚህ አገር ጌታ እኔ ነኝ ወይስ ሐይቁ?»

«ሐይቁ» ቢል ድፍረት ነው፤ «እርስዎ» ቢል፣ «ታዲያ በሟርትህ ካልሆነ እንዴት ደፈረኝ?» ተብሎ መገረፉ ነው።

ሰውየው እጅ ነሣና እንዲህ አለ፦

«ጌታውማ እርስዎ ነዎት። ሐይቁም ስንት ዘመን ደጅ ሲጠና ኖሯል። ምን ያድርግ ጌታዬ፣ ‹ቆይ፣ አይገባም› የሚለውን እልፍኝ አስከልካይ እርስዎ በማጭድ አስጨረሱት!»

መጀመሪያ የሳቁት እንግዶቹ ነበሩ። ደጃዝማቹም፣ «በሉ፣ ደንገሉን መልሳችሁ ትከሉ» አሉ።