ባሕር ዛፍ አልነሳም ያለ ዕለት

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ። ተረት ምን ይጠቅማል የምትሉ ደግሞ ውጡና በሩን ዝጉልን!

በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ሙዚየም ነበር። በሙዚየሙ ውስጥ የአገሩ ዛፎች ግንድ ተደርድሮ ነበር። እነዚያ በጋው ሲረዝም፣ ምድር ስትሰነጠቅ፣ ወንዝ ሲጠፋ፣ እነሱ ግን ንቅንቅ የማይሉት! ጽድ አለ፣ ዝግባ አለ፣ ኮሶ አለ፣ ዋንዛ አለ። ወይራ ግን የለችም። በወይራ ቦታ ማን ተገትሯል? ባሕር ዛፍ! ያቆሙት ኃላፊው አቶ ጌጡ ናቸው። ምን ያድርጉ፣ የተወለዱበት ቤት ባሕር ዛፍ፣ አጥራቸው ባሕር ዛፍ፣ አልጋቸው ባሕር ዛፍ። ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መሆኑን ረስተው፣ የአገር ልጅ መስሏቸው ነው።

ወይራዋ በር ላይ ተጋድማለች። ያመጧት ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። ከእናታቸው ጓሮ ንፋስ የጣላት ወይራ ናት። ታዲያ የሙዚየሙ ምረቃ ደርሷል፤ ጠላ ጠማቂዎቹም ጋን ሊያጥኑ እንጨት ይፈልጋሉ። ወይራ ደግሞ ለጋን ጭሷ ወደር የለውም። «ዛሬ ቦታ ካላገኘች ፈልጠን እናጥንባታለን» አሉ።

ወይዘሮ አትጠገብ ወደ አቶ ጌጡ ሮጡ። «ባሕር ዛፍን ያንሱልኝ!»

«እሱ ራሱ ከተነሳ እኔ ምን ቸገረኝ» አሉ አቶ ጌጡ።

ወይዘሮ አትጠገብ ወደ ባሕር ዛፍ ዞሩ። «ባሕር ዛፍ፣ ተነስ፤ ወይራ ቦታ አጣች።»

«አልነሳም! ከተማውን ሁሉ ተሸክሜ የቆምኩት እኔ!»

ወደ መጋዝ ሄዱ። «መጋዝ፣ ባሕር ዛፍን ቁረጥ፤ ባሕር ዛፍ አልነሳም አለ፤ ወይራ ቦታ አጣች።»

«እንጀራዬን? አልቆርጥም!» አለ መጋዝ።

ወደ ሞረድ ሄዱ። «ሞረድ፣ የመጋዝን ጥርስ ሞርደህ ጨርስ፤ መጋዝ አልቆርጥም አለ፤ ባሕር ዛፍ አልነሳም አለ፤ ወይራ ቦታ አጣች።»

«እሱ ጥርስ ከሌለው እኔ ሥራ ፈት ልሆን? አልሞርድም!» አለ ሞረድ።

ወደ ዝገት ሄዱ። «ዝገት፣ ሞረድን ብላ፤ ሞረድ አልሞርድም አለ፤ መጋዝ አልቆርጥም አለ፤ ባሕር ዛፍ አልነሳም አለ፤ ወይራ ቦታ አጣች።»

«በዚህ ደረቅ በጋ? አልበላም! እርጥበት ሲመጣ ቀስቅሱኝ» አለና ዝገት ተመልሶ ተኛ። ወይ ስንፍና!

ቀና ቢሉ አንድ ደመና አዩ። «ደመና፣ ዝገትን አርጥብ፤ ዝገት አልበላም አለ፤ ሞረድ አልሞርድም አለ፤ መጋዝ አልቆርጥም አለ፤ ባሕር ዛፍ አልነሳም አለ፤ ወይራ ቦታ አጣች።»

«ሳይጠሩኝ አልወርድም። እኔን የሚጠራኝ ደን ነው» አለ ደመና። ኩራቱ ለጉድ ነው!

ወይዘሮ አትጠገብ ዘወር ቢሉ ጠላ ጠማቂዎቹ መጥረቢያ እየሳሉ ነው። እንባቸው መጣ። «እናቴ ያሳደገቻት ወይራ ዓይኔ እያየ ጭስ ልትሆንብኝ!» አሉ። ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ደብሩ ደን ዳገቱን ወጡ።

«ደን ሆይ፣ ደመናን ጥራልኝ፤ ደመና አልወርድም አለ፤ ዝገት አልበላም አለ፤ ሞረድ አልሞርድም አለ፤ መጋዝ አልቆርጥም አለ፤ ባሕር ዛፍ አልነሳም አለ፤ ወይራ ቦታ አጣች!»

«ማን ቦታ አጣች?» አለ ደኑ።

«ወይራ።»

«የኛዋ ወይራ?»

«የናንተዋ!»

«በጋው ድንጋይ ሲያቃጥል ቅጠሏን ያልጣለችው? ጭንጫ ላይ ሥር የሰደደችው? እኛ እያለን እሷ ቦታ ልታጣ! ምነው እስካሁን ዝም አሉ?»

ጽዱ ተንቀሳቀሰ፣ ዝግባው ተንቀሳቀሰ፣ ኮሶውና ዋንዛውም ተንቀሳቀሱ። ሁሉም በአንድ ላይ እፎይ ብለው ተነፈሱ። ኧረ ምን ልበላችሁ፣ ኮረብታው በሙሉ ቀዘቀዘ!

ደን ደመናን ጠራ፤ ደመና ወርዶ ዝገትን አረጠበ፤ ዝገት ነቅቶ ሞረድን ሊበላ ተነሳ፤ ሞረድ ደንግጦ መጋዝን ሊሞርድ ሮጠ፤ መጋዝ ደንግጦ ባሕር ዛፍን ሊቆርጥ ሮጠ፤ ባሕር ዛፍም «ኧረ በሕግ! ኧረ እነሳለሁ!» ብሎ ከመደቡ ዱብ አለ። ወይራ ቦታዋን አገኘች! ጠላ ጠማቂዎቹ ሌላ እንጨት ፍለጋ ሄዱ።

አቶ ጌጡ አፈሩ። «የአገር ልጅ መስሎኝ እኮ ነው» አሉ። «አሁን ይሄን ወዴት ላድርገው?»

«በር ላይ ያቁሙት» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። «ቤት ሠርቶልናል፣ ውለታውን አንክድም። እንግዳ ይከበራል፤ የባለቤትን ቦታ ግን አይወርስም።»

በምረቃው ቀን አዳራሹ ሰው በሰው ሆነ። ወይዘሮ አትጠገብ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ከወይራ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከሩቅ የመጣ አንድ ጎብኚ ግንዷን እየዳሰሰ «ይቺ ምንድን ናት?» አለ።

«እህቴ ናት» አሉ። «ያሳደገችን አንድ እናት ናት።»