በተሰነጠቀ ገበቴ ላይ የቆመችው ቤት

በሰንበሌጥ አምባ ሙሽራ ስትዳር ከልብሷና ከሳጥኗ ጋር አንዲት ትንሽ ቤት ይዛ ትሄዳለች። ቤቲቱ ድመት እንኳ የማታስገባ ሆና ሙሽራዋ የተወለደችበትን ቤት ከነምሰሶው፣ ከነምድጃው፣ ከነሰዎቹ ታሳያለች። የምትሠራው ከወዳደቀ ነገር ብቻ ነው፤ ለእሷ ብሎ ገበያ የወረደ ቤተሰብ ይታማል። በውስጧ ካሉት የመቀመጫ ዱካዎችም አንዷ ሁልጊዜ ባዶ ትሆናለች። እንግዳ ሰው ሲያያት የልጆች መጫወቻ ትመስለዋለች፤ እኔም አንድ ጊዜ እንዲያ ብዬ የአገሩ ሴቶች እስካፍር ድረስ ሳቁብኝ።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት ልማዱን የጀመረችው ባንቻየሁ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻትና እሷን ወንዝ ማዶ ዳረቻት። በዚያ ዘመን ሙሽራ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ካልሆነ ወደ እናቷ ቤት አትመለስም፣ እናትም ሳትጠራ የልጇን ደጅ አትረግጥም ነበር ይባላል። ክረምቱ እንደገባ ከማዶ የመጣ የጨው ነጋዴ ለባንቻየሁ ክፉ ወሬ ነገራት። አንጓች እህል አልበላ ብሏታል፣ አንደበቷም ተዘግቷል፤ አማቷ ጥጊቱም ወንዙ ሲጎድል ወደ እናቷ እመልሳታለሁ እያለች ነው። የተመለሰች ሙሽራ በዚያ አገር ዳግመኛ ጠያቂ አልነበራትም፤ ያውም አንጓች ባሏን ትወደው ነበር።

ባንቻየሁ ሄዳ ልታቅፋት አልቻለችም፤ ስለዚህ ቤቱን ልትልክላት አሰበች። የተሰነጠቀ ገበቴዋን ገልብጣ መሬት አደረገችው፣ በላዩ የማሽላ አገዳ ተክላ በጭቃና በጭድ መረገችው፣ ጣሪያውን ካረጀ መጥረጊያ በመዘዘችው ሣር ከደነችው። ጋኑን ከቅል አንገት፣ ጥጃዋን ከበቆሎ ቆረቆንዳ አበጀች፤ አውራ ዶሮውን ደግሞ ከገዛ ላባው ሠራችው፤ ላባው ሲነቀል መንደሩን በጩኸት አናውጦታል ይላሉ። በመጨረሻም ከአሮጌ ቀሚሷ ቀዳ ራሷን ሠራችና ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠች፤ ጥቁር ክር ስላጣችም ከራሷ ላይ ጥቂት ጸጉር ቆርጣ ሰፋችላት። የአንጓችን ዱካ ግን ባዶዋን ተወቻት። አንዳንዶች ዓይኗን መሥራት አቅቷት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ልጄን እዚህ ካስቀመጥኳት ልቧ እዚሁ ይቀራል ብላ ነው ይላሉ። እኔ የኋለኛውን አምናለሁ።

የጨው ነጋዴው ቤቲቱን በአህያው ጭኖ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰሞን ወንዙን ተሻገረ። ሲደርስ አንጓች ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ስለነበር ጥጊቱ ተቀበለችው። የተሸፈነችበትን ጨርቅ ገለጥ ብታደርግ የዶሮ ላባ አየች፣ ጠጋ ብላ ብታይ ደግሞ የሰው ጸጉር ያላት የጨርቅ ሰው ቁጭ ብላለች።

«በስመ አብ! ይህማ መተት ነው! ለካ ልጅቷን እንዲህ ያደረጋት ይኸው ኖሯል!»

ወዲያው ደጅ አውጥታ እሳት ማንደድ ጀመረች። አንጓች እንስራዋን እንዳዘለች ስትደርስ ጭሱን አየች፣ የእናቷንም ቤት በአማቷ እጅ ላይ አየች፤ ያን ሁሉ ሳምንት የተዘጋው አንደበቷ ያን ጊዜ ተከፈተ።

«እማማ፣ በሞቴ! አያቃጥሏት፣ ቤታችን ናት!»

ጥጊቱን ከነገሩ ይልቅ ድምፁ አስደነገጣት።

«ይህችስ ባለ ጸጉሯ ማን ናት?»

«እናቴ ናት። እንዲህ እንኳ አትወፍርም፤ ከሳች ብዬ እንዳላስብ ብላ ነው ራሷን ያወፈረችው።»

ይህን ስትሰማ ጥጊቱ እሳቱን ትታ መሬት ላይ ቁጭ አለች ይባላል። ቤቲቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምሰሶዋን ነካ ነካ አደረገች፣ ዶሮውን አይታ ሳቀች፣ ከዚያ ባዶዋን ዱካ አየች።

«ይህችስ የማን ናት?»

«የእኔ ነበረች።»

«ታዲያ አንቺን ለምን ሳትሠራሽ ቀረች?»

«እኔማ እዚህ ነኝ፣ እርስዎ ዘንድ።»

ጥጊቱ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ቀደደችና ቁራጩን ለአንጓች ሰጠቻት።

«እንኪ፣ እኔን ሥሪኝና እዚያች ላይ አስቀምጪኝ። እናትሽ ብቻዋን አትሁን።»

አንጓች እያለቀሰች ሠራቻት፤ ማታም ከአማቷ ጋር ከአንድ መሶብ በላች። ወንዙ ሲጎድል ተሻግራ የሄደችው ጥጊቱ ነበረች፤ ባንቻየሁን ልትጠራት።

ዛሬ የቤቲቱ ግድግዳ ከካርቶን፣ ጣሪያዋ ከማዳበሪያ ከረጢት፣ ዱካዋም ከለስላሳ ቆርኪ ይሠራል፤ ባዶዋ ዱካ ግን አልቀረችም። ሙሽራዋ አማቷን ከአማቷ ቀሚስ በተቀደደ ጨርቅ ሠርታ እዚያ ታስቀምጣታለች። ሙሽራዋ ሲላት በወሩ፣ ሲላት በዓመቱ ትሠራለች፤ የሚያጣድፋት የለም። የሰንበሌጥ አምባ ሰው አዲስ ሙሽራ ለመደች ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ «አማቷን አስቀመጠች ወይ?» ይላል። ባለፈው ዓመት አዲስ ሙሽራ በገባችበት አንድ ቤት አጥር በኩል ሳልፍ እኔም ይህንኑ ጠየቅሁ። አማትየዋ የምታበጥረውን እህል ሳታቆም፣ «አዎን፣ ተቀምጫለሁ» አለችኝ፤ «ከእናቷም ጋር ተላምደናል።»