ካፒቴን ልሳነወርቅ ዳርጌ ላይ ያረፉበት ክረምት

«ተረት ተረት» ብዬ ብጀምር «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ላምም በረትም የለኝም። ያለኝ አንድ አውሮፕላን ነው፤ እሱም ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ልክፈት።

ቢሾፍቱ ውስጥ፣ ከሐይቁ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ካፒቴን ልሳነወርቅ የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የጭነት አውሮፕላን አብርረዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፉት ሣር ላይ ነበር፤ ሣሩ ላይ ከብት ካለ አንድ ጊዜ ዝቅ ብለው ያልፉና፣ ከብቱ ሲበረግግ ዞረው ይመጣሉ። አሁን ቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል። ግራውን ሐኪሙ አይቶ «እስከ መስቀል ያዘልቅዎት ይሆናል» ብሏቸዋል። ወሩ ሰኔ ነበር።

ይህን የሰሙት ካፒቴን የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው። ዓይናቸው ሳይጨልም አንድ የመጨረሻ ጊዜ ዳርጌ ላይ ማረፍ። ዳርጌ በሃያ አራት ዓመታቸው፣ አለቃቸው እጁን አጣጥፎ እያየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው አውሮፕላን ያሳረፉባት የሣር ሜዳ ናት። እውነተኛ አውሮፕላን ማንም እንደማይሰጣቸው ያውቃሉ። ግን የቤት ሲሙሌተር ነበራቸው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ መሪና ፔዳል ያለው የበረራ መለማመጃ። የአሥራ አምስት ዓመት ዕቃ ነው። ዳርጌን በራሱ አያውቃትም ነበር፤ ሁለት ወር ተቀምጠው ሜዳዋን፣ የባሕር ዛፉን ረድፍና የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ስለው ያስገቡላቸው የሥራ ጓደኛቸው ሟቹ ቴክኒሻን አጥናፉ ናቸው። ዛፎቹ ጎመን ይመስላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የክብሪት ቀፎ ይመስላል። ግን ይበራል።

ካፒቴኑ ከሐኪም ቤት እንደተመለሱ ሲሙሌተሩ ፊት ቁጭ ቢሉ ኖሮ ይህ ተረት እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ግን መጀመሪያ ምሳ በሉ፤ ምሳው ላይ አማቻቸው መጣ።

አማቻቸው በፍርዱ የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ስለ ሰማይ ግን ብዙ ሐሳብ አለው።

«አባባ፣ በዚህ ነው የሚሰናበቱት?» አለ ጎመኖቹን እያየ። «አዲሱ እኮ ቅጠል በቅጠል ነው የሚያሳየው። ምድሪቱን ከሳተላይት ፎቶ አንሥቶ፣ እንዳለች።»

«ይኼ ይበቃኛል፣ ልጄ።»

«እንዴት ይበቃዎታል? ሰውስ ምን ይለናል?»

በአገራችን ይህን ጥያቄ ተቋቁሞ የቀረ አሮጌ ዕቃ የለም። በሳምንቱ አዲሱ ሲሙሌተር ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር መጣ፤ ኮምፒውተሩ ባለመስታወት ሳጥን ነው፣ ሆዱ ውስጥ እንደ ምሽት ክበብ ቀይና ሰማያዊ ይበራል። አሮጌው እግሩ ከተሰበረ አልጋና ከባዶ ጀሪካኖች ጋር ዕቃ ቤት ገባ።

የካፒቴኑ ባለቤት እትዬ አመለወርቅ አዲሱን ኮምፒውተር ዞረው አዩት። ውድ ነው፤ ራቁቱን ነው። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፤ ሬዲዮኑ አለው፤ ፍሪጁም አለው። ከቁም ሣጥን አራት ጣዎስ የተሠራበትን ትልቁን ነጭ ዳንቴል አውጥተው ከአናቱ እስከ እግሩ አለበሱት። ያየ ሁሉ «አምሮበታል» አለ።

ካፒቴኑ ተቀመጡ፤ ከቢሾፍቱ ተነሡ፤ ወደ ዳርጌ አቀኑ። ዳርጌ ከተራራ ጀርባ ናት። ተራራው ጋ ሲደርሱ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። በማግስቱም ሞከሩ፤ ተራራው ጋ ሲደርሱ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። እንግዲህ ሲሙሌተሩ ካልበረረ፣ ካፒቴኑ ዳርጌ አያርፉም።

ኮምፒውተሩን የሸጠው ቃልአብ ከአዲስ አበባ ተጠርቶ መጣ። ዳንቴሉን አጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ ሳጥኑን ከፈተ፤ እንደ ቀዳጅ ሐኪም ተነፈሰ።

«ካርዱ ነው፣ ፋዘር። ምስሉን የሚስለው እሱ ነው። አቅም አነሰው።»

«አዲስ አይደለም እንዴ?» አሉ ካፒቴኑ።

«ሰኔ ላይ አዲስ ነበር» አለ ቃልአብ። ጊዜው ሐምሌ ሁለት ነበር።

ሌላ ካርድ ገባ። ቃልአብ ለሙከራ ቢሾፍቱ ላይ ግማሽ ሰዓት ዞረ፤ ስክሪኑ ምንም አልሆነም። ምስጋናውን ተቀብሎ ሄደ፤ እትዬ አመለወርቅ ዳንቴሉን መልሰው አለበሱት። በማግስቱ ካፒቴኑ ተነሡ፤ ተራራው ጋ ሲደርሱ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ቃልአብ በስልክ «እንግዲህ ካርዱ እንዳይስል የሚያደርገው መብራታችሁ ነው» አለ። ካርዱ ካልሳለ ኮምፒውተሩ አይጸናም፤ ኮምፒውተሩ ካልጸና ሲሙሌተሩ አይበርም፤ ሲሙሌተሩ ካልበረረ፣ ካፒቴኑ ዳርጌ አያርፉም። በዚያ ሳምንት ካፒቴኑ የጋዜጣ ርዕስ ማንበብ አቃታቸው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አቶ ሽብሩ መጡ። አቶ ሽብሩ ከሳቸው በፊት የሠራን ሰው ሥራ አይተው ራሳቸውን ሳይነቀንቁ ቀርተው አያውቁም፤ የራሳቸውን ሥራ ረስተው የነቀነቁበት ጊዜም አለ። ዳንቴሉን አጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ ሶኬቱን ለኩ።

«ኃይሉ ይዋዥቃል። ስታብላይዘር ሳይኖር ይህን የሚያህል ማሽን መሰካት ድፍረት ነው። ማነው ያማከራችሁ?»

በፍርዱ መስኮቱን አየ።

ስታብላይዘሩን ሁለት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ጥግ ተቀምጦ እንደ ተቆጣ ንብ እዝ ይላል። አቶ ሽብሩ ማሽኑን አብርተው ሻይ ጠጡ፤ ሻይ እስኪጨርሱ ምንም አላለም። ሄዱ፤ እትዬ አመለወርቅ ዳንቴሉን መልሰው አለበሱት፤ ለስታብላይዘሩም ትንሽ ጨመሩለት። በማግስቱ ተራራው ጋ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። አቶ ሽብሩ ተጠርተው «የኔ ስታብላይዘር ጤነኛ ነው፤ የሚመጣለት ሽቦ ነው የታመመው» አሉ። እንግዲህ ስታብላይዘሩ ካላረጋጋ ካርዱ አይስልም፤ ካርዱ ካልሳለ ኮምፒውተሩ አይጸናም፤ ኮምፒውተሩ ካልጸና ሲሙሌተሩ አይበርም፤ ሲሙሌተሩ ካልበረረ፣ ካፒቴኑ ዳርጌ አያርፉም። ካፒቴኑ ያን ጊዜ የግድግዳ ሰዓቱን ቆጣሪዎች መለየት ትተው ሰዓቱን ከእትዬ አመለወርቅ ይጠይቁ ነበር።

ሽቦውን የሚያይ ሰው በነሐሴ ዝናብ መሐል መሰላል ይዞ መጣ። መሰላሉን ግን አልዘረጋውም። በረንዳው ላይ ቆሞ በጣቱ አሳየ።

«ያ ግራር የማነው?»

«የጎረቤት» አለ በፍርዱ።

«ሽቦው ላይ ተደግፏል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይነካካዋል። ቅርንጫፉ ይቆረጥና ጥሩኝ፤ ሽቦውን እወጥረዋለሁ።»

ክረምቱን ሙሉ ከመጡት ባለሙያዎች ሁሉ ጥቂት የሠራው ይህ ሰው ነው፤ በዚያው ልክ ጥቂት አበላሸ። ግራሩ ካልተቆረጠ ሽቦው አይወጠርም፤ ሽቦው ካልተወጠረ ስታብላይዘሩ አያረጋጋም፤ ስታብላይዘሩ ካላረጋጋ ካርዱ አይስልም፤ ካርዱ ካልሳለ ኮምፒውተሩ አይጸናም፤ ኮምፒውተሩ ካልጸና ሲሙሌተሩ አይበርም፤ ሲሙሌተሩ ካልበረረ፣ ካፒቴኑ ዳርጌ አያርፉም።

ግራሩ የእትዬ ትርፌ ነው። እትዬ ትርፌ አጥር ለአጥር የሚኖሩ፣ አርባ ዓመት ዳንቴል የሠሩ ሴት ናቸው። በፍርዱ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ ሄደ።

«እትዬ፣ ያቺን ቅርንጫፍ ብንቆርጣት...»

«ግራሬ ምን አደረገህ?»

«ሽቦ ነክቶ ነው። ለካፒቴኑ ነው፤ ሲሙሌተሩ...»

«እሱን ተወውና» አሉ እትዬ ትርፌ ብርቱካኑን ሳይቀበሉ፤ «አመለወርቅ ዳንቴሌን የት አደረገችው?»

በፍርዱ ዳንቴል የማን እንደሆነ አስቦ አያውቅም።

«አምስት ወር ዓይኔን ያፈሰስኩበት ጣዎስ ነው። ለሶፋሽ ይሁንልሽ ብዬ ነው የሰጠኋት። ማሽን አልብሳዋለች አሉኝ። መሰላል የያዘውም ሰውዬ በመስኮት አይቶታል። እኔ ለማሽን ነው የምሠራው? ዳንቴሌ ሶፋው ላይ ካልታየ፣ የግራሬን እሾህ እንኳ የሚነካ የለም። ብርቱካንህን ይዘህ ሂድ።»

በፍርዱ ብርቱካኑን ይዞ ተመለሰ፤ መልእክቱንም እንደ ሰማው ተናገረ። ዳንቴሉ ካልተመለሰ እትዬ ትርፌ አይታረቁም፤ እትዬ ትርፌ ካልታረቁ ግራሩ አይቆረጥም፤ ግራሩ ካልተቆረጠ ሽቦው አይወጠርም፤ ሽቦው ካልተወጠረ ስታብላይዘሩ አያረጋጋም፤ ስታብላይዘሩ ካላረጋጋ ካርዱ አይስልም፤ ካርዱ ካልሳለ ኮምፒውተሩ አይጸናም፤ ኮምፒውተሩ ካልጸና ሲሙሌተሩ አይበርም፤ ሲሙሌተሩ ካልበረረ፣ ካፒቴኑ ዳርጌ አያርፉም።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ በሉኝ» አሉ እትዬ አመለወርቅ። «አክብሬ ባለበስኩት! እሷ ቤት አልሄድም።»

ካፒቴኑ አልተከራከሩም። ውሃ ለመቅዳት ጆጉን አነሡና ከብርጭቆው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ቀስ ብለው ቀዱ። ውሃው እግራቸው ላይ ሲወርድ ነው ያወቁት። እትዬ አመለወርቅ ጠረጴዛውን ጠረጉ፤ ከዚያ ሄደው ዳንቴሉን ከማሽኑ ላይ ገፈፉት። አጠቡት፤ በስታርች ነከሩት፤ ሳሎን ውስጥ ገመድ ላይ አሰጡት። በክረምት ዳንቴል ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን ሶፋው ላይ ዘረጉት፤ እሄዳለሁ ሳይሉ ሄደው እትዬ ትርፌን በእጃቸው ይዘው መጡ።

እትዬ ትርፌ ሶፋው ላይ አልተቀመጡም። ቆመው ጣዎሶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። አራት ናቸው።

«ስታርቹ በዝቷል» አሉ። ታርቀዋል ማለት ነው።

ከዕርቁ በኋላ ግራሩ እስኪቆረጥ መጠበቅ ነበር። ካፒቴኑ ግን መጠበቅ ሰልችቷቸው ነው መሰል፣ እትዬ ትርፌና በፍርዱ እያዩ ሲሙሌተሩ ፊት ሄደው ተቀመጡ። ተነሡ። ወደ ዳርጌ አቀኑ። ተራራው ጋ ደረሱ። ስክሪኑ ጥቁር አልሆነም።

ካፒቴኑ አንድ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው የሳጥኑ አናት ላይ አደረጉ።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ። «ምን አነሣችሁበት?»

«ምንም» አሉ እትዬ አመለወርቅ። «ዳንቴሉን ብቻ።»

በፍርዱ ሳጥኑን አየ፤ አናቱ በሙሉ ሙቀት የሚወጣበት ትንንሽ ቀዳዳ ነው። ሶፋውን አየ። ተመልሶ ሳጥኑን አየ። መሐንዲስ ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ ማየት አላስፈለገውም።

«ጎዴ ስናድር ለአቧራው ብለን ሞተሩን ሸራ እናለብሰው ነበር» አሉ ካፒቴኑ። «ጠዋት ግን ገልጠን ነው የምንነሣው። ለካ እርጅና ይኼን ነው የሚያስረሳው።»

እነሆ፣ ዳንቴሉ ተነሣ፤ ግራሩ አልተቆረጠም፤ ሽቦው አልተወጠረም፤ ስታብላይዘሩ በከንቱ እዝ ይላል፤ ካርዱ ሳለ፤ ኮምፒውተሩ ጸና፤ ሲሙሌተሩ በረረ፤ ተራራው ታለፈ። ካፒቴኑ ግን ዳርጌ አላረፉም።

«ሜዳው የታለ?» አሉ። «እኔ የማየው የሚያብለጨልጭ ነገር ነው።»

«ቆርቆሮ ነው፣ አባባ» አለ በፍርዱ ቀስ ብሎ። «ቤት ነው። ያ ረጅሙ ትምህርት ቤት ይመስለኛል።»

«ሜዳው ላይ?»

«ሜዳው ላይ። አልኩዎት እኮ፣ እንዳለች ነው የሚያሳያት።»

ካፒቴኑ ዝቅ ብለው አንድ ጊዜ አለፉ፤ እንደ ድሮው ዞሩ፤ እንደገና አዩ። ከዚያ መሪውን ስበው ሽቅብ ወጡ።

«ከብት ቢሆን ተነሥቶ ይሄድልኝ ነበር» አሉ።



«የበፊቱ ማሽን ምን ሆኖ ነው የተጣለው?» አሉ እትዬ ትርፌ።

በፍርዱ የዕቃ ቤቱን በር አየ።

«ተበላሽቶ ነው?»

«አይ» አለ በፍርዱ።

«እና?»

በፍርዱ ተነሥቶ ዕቃ ቤት ገባ። አሮጌውን ከጀሪካኖቹ መሐል አውጥቶ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው፤ ከተራ ሶኬት ሰካው። ማሽኑ እንደ ሽማግሌ አስሎ ተነሣ። ቅጠል በቅጠል የተሳለው የአዲሱ ጫካ ለካፒቴኑ ዓይን ጭጋግ ነበር፤ ጎመን ግን ትልቅ ነው፤ አረንጓዴ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ይቆጠራል።

«ያው፣ የአጥናፉ ጎመን» አሉ ካፒቴኑ። «ሰባተኛው ጋ ነው ጋዝ የምቀንሰው።»

ቆጠሩ። ሰባተኛው ጋ ቀነሱ። የክብሪት ቀፎው በግራቸው አለፈ፤ ሣሩ መጣ፤ አውሮፕላኑ ነካ፣ ነጠረ፣ ነካ፣ ነጠረ፣ ቆመ። መስቀል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«ሁለት ጊዜ ነጠረ» አለ በፍርዱ፤ ከነገሩ ሁሉ ያወቀው እሱን ነው።

«ያኔም ሁለት ጊዜ ነው የነጠረው» አሉ ካፒቴኑ፤ እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡ፤ ማሽኑንም ራሳቸው አጠፉት።

ግራሩ ዛሬም ሽቦው ላይ ተደግፏል። ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳንቴሉን ግን እዚያው ሶፋው ላይ ተዉት።